የነጋዴውን ክስ ያነበብኩበት ቤት

ዴንቨር ከተማ፣ ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፣ አንድ ቀይ የጡብ ቤት ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ አራት ገደማ የምሠራበት፣ ለአረጋውያን ተንከባካቢ የሚልክ የሆም ኬር ኤጀንሲ ወደዚያ ሲልከኝ የነገሩኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌው ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ከእኔ በፊት የተላኩትን ሁለት ሰዎች ደግሞ አልፈልግም ብለው መልሰዋቸዋል።

"ለምን መለሷቸው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ማንበብ አይችሉም ብለው ነው" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። ነገሩ ለእሷም እንዳልገባት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

የእኛ ሥራ ማጠብ፣ ማልበስ፣ የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ፣ ምሳ ማሞቅ፣ ሐኪም ጋ ማድረስ ነው። ንባብ የሚባል ነገር በውሉ ላይ የለም። ቢሆንም ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ትዳሬ ከፈረሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለድኩም። እሑድ እሑድ ሌላ ሥራ ስለነበረኝ ቤተ ክርስቲያን የምደርሰው ለዓመት በዓል ብቻ ሆኗል። አንዳንድ ሳምንት በአማርኛ ያወራሁት የሱቅ ሒሳብ ስከፍል ብቻ እንደሆነ ትዝ ይለኝና ይደንቀኝ ነበር።

ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ የሹራባቸው ክርን ተቀድዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን ጆሮዬን ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ሕመሙ የዓይናቸውን መሐል አጥፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ትቶላቸዋል፤ ሰው ለማየት ከሰውየው ጎን ያለውን ማየት ነበረባቸው።

ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። "አንብቢልኝ" አሉኝ።

በታይፕ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛው ግን እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ አይደለም፤ ፊደሉ የተዛባ፣ ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ የሌለው ነው። እየተደናቀፍኩ አነበብኩ። በየሁለት ቃሉ ያርሙኛል። ከገጹ ግማሽ ስደርስ ቆም አልኩና፣ "ይሄ የክስ አቤቱታ ነው" አልኳቸው።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ከሳሹ መጀመሪያ ራሱን ዝቅ ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ጎረቤቱ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ ዳኛውን ይለምናል። እኛም አገር እንደዚሁ ነው የሚጻፈው።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው ተቀመጡ። "የት አየሽ?"

አዲስ አበባ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ አልኳቸው። ወደ ሱዳን ከመሰደዴ በፊት የሠራሁት ብቸኛ የደመወዝ ሥራ እሱ ነው። ክስ ተቀብዬ ቁጥር እሰጣለሁ፤ መልስ ሲመጣ ከክሱ ጋር አያይዛለሁ፤ የመልስ መልስ ሲመጣ እሱንም እጨምራለሁ። አንዳንዱ መዝገብ ውፍረቱ ሕፃን ያክል ነበር። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ሳቁ። በሳምንት አራት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት፣ ሥራው የእኔ ሆነ።

ታሪካቸውን ቀስ በቀስ ሰማሁ። ዴንቨር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሃይስኩል ታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በየክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ ከባለቤታቸው ጋር እንግሊዝ አገር ይሄዱና በቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠው ይገለብጣሉ። የሚገለብጡት የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ምዕራብ በኩል በአንዲት የወደብ ከተማ ይኖር የነበረ ነጋዴ። እሳቸው እያነበቡ ባለቤታቸው ይተይባሉ። መጽሐፍ ሊጽፉለት ነበር። ባለቤታቸው ሞቱ፤ ዓይናቸው ደከመ፤ መጽሐፉም ሳያልቅ ቀረ። ሌላ ግዛት የሚኖረው ልጃቸው ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ገዝቶላቸው ነበር። ማሽኑ የድሮውን አጻጻፍ ሲያገኝ እንደ ሰካራም ይንተባተባል። አጥፍተው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት።

ስለዚህ እኔ አነብ ጀመር። ምሳ ሾርባቸውን ይበላሉ፤ ሳህኑን አጥባለሁ፤ ከዚያ ምሥራቁን በሚያይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠን እስከምወጣ ድረስ እናነባለን። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ደመና ይመጣና በረዶ ይጥላል፤ በረዶው የመኪናዬን ጣሪያ ሲደበድበው ድምፄ አይሰማም። ያኔ ዝም ብለን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ካለፈ በኋላ፣ "የት ላይ ነበርን?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ።

ነጋዴው የጨርቅ ሻጭ ልጅ ነበር። ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለሌላ ነጋዴ ወኪል ሆኖ ወደ ስፔን ወደብ ተላከ። ቋንቋውን ተማረ፤ አደገ፤ ተመልሶ የራሱን ንግድ ጀመረ። የሱፍ ጨርቅ በመርከብ ይልካል፣ ወይን ጠጅ ያስመጣል። ሚስት አገባ፤ ሚስቱ ልጅ ሳትወልድ ሞተችበት። ከመርከብ ማቆሚያው ፊት ለፊት ጥሩ ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምናውቀው ከፍርድ ቤት ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቱን ከሰሰ፤ የጎረቤቱ አሸንዳ ውሃ ምድር ቤቱ ውስጥ እየገባ ወይን ጠጁን አበላሸብኝ ብሎ። ቀጥሎ የመርከብ አዛዥ ከሰሰ፤ ማዕበል መጣ ብሎ በርሜሎቹን ባሕር ላይ ጥሎብኛል፣ ማዕበል ግን አልነበረም ብሎ። አንድ ሌላ ነጋዴ በገበያ መሐል "ሌባ" ብሎ ስለሰደበው እሱንም ከሰሰ። ሃያ ሰባት ምስክር ተጠራ፤ አንዱ ሰምቻለሁ ሲል ሌላው ዓሣ እየመረጥኩ ነበር አልሰማሁም ይላል። ሽማግሌው ይህን ክፍል በጣም ይወዱታል። ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል።

"ሰውየውን ከተማው ሁሉ ነው ያጠቃው" ይሉኝ ነበር። "መጽሐፌ ይህን ነው የሚለው። ብቻውን ቆሞ ለመብቱ የታገለ ሰው።"

እኔ ገጹን እገልጣለሁ። መዝገብ ቤት ስምንት ዓመት የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ከሳሽ የሆነውን ሰው በመልኩ ያውቀዋል። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደጅ ላይ የሚቆመው፣ ቀጠሮ ሲራዘምበት የሚናደድ መስሎ ውስጡ ደስ የሚለው ሰው ነው። ፍርድ ካገኘማ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

በእነዚያ ወረቀቶች ውስጥ እኔን የሳበችኝ ሌላ ሰው ናት። የነጋዴው የቤት ሠራተኛ ነበረች። በመጀመሪያው ክስ፣ በአሸንዳው፣ ምስክር ሆና ቀርባለች፤ ጸሐፊው "ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ወይም እዚያ ገደማ" ብሎ ጽፏል። በመርከቡ ክስ ላይም አለች። በስድቡም አለች። መጻፍ ስለማትችል ከቃሏ ሥር ምልክት ታደርጋለች፤ ሽማግሌው ፎቶኮፒውን አውጥተው አሳይተውኛል፣ ቁልፍ የሚመስል ትንሽ ምልክት ነው። አንድ ቀን በጣቴ ቆጠርኩና፣ "ይሄ ሒሳብ አይሞላም" አልኳቸው። "ከመጀመሪያው ክስ እስከዚህኛው አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። እሷ ግን የጨመረችው ስምንት ዓመት ብቻ ነው።"

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው እኔን ለማየት ሞከሩ። "ሰላሳ ዓመት ይህን ወረቀት ይዣለሁ" አሉ። "አላየሁትም።"

"ዕድሜዋን የሚያውቅላት ሰው ስላልነበረ ነው" አልኳቸው። "ጸሐፊው ፊቷን አይቶ ነው የሚገምተው።"

የእኔም መታወቂያ ላይ የተወለድኩበት ቀን ጃንዋሪ አንድ ነው። ሱዳን ያለው የስደተኞች መዝጋቢ ለእኔም፣ ከእኔ ፊትና ኋላ ለተሰለፉትም አንድ ቀን ሰጠን። ይህን ስነግራቸው ማስታወሻ እንድይዝላቸው ለመኑኝ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የምትገኝበትን ገጽ ሁሉ በቢጫ ወረቀት ምልክት አደርግ ጀመር።

አሁን ስለ እህቴ መናገር አለብኝ።

አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። ወደዚህ አገር ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ፎርሙን ሞልቼ፣ ዓመታት ጠብቄ፣ ዴንቨር ኤርፖርት የተቀበልኳትም እኔ ነኝ። በኋላ አገባች። እሷና ባሏ ጴንጤ ሆኑ፤ ለዚያ አልተጣላንም። ከእኔ አፓርታማ በመኪና አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ እዚያው ቻምበርስ ሮድ ላይ ትኖር ነበር።

እናታችን ስትታመም እህቴ ሥራዋን ለቅቃ አዲስ አበባ ሄደች። እናታችን እስክትሞት ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሆና አስታመመቻት። እኔ አልሄድኩም። ሥራ አይለቀኝም አልኩ፤ እውነትም አልለቀቀኝም፤ በዚያ ዓመት የሦስት ሰው እናት እያጠብኩ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ኑዛዜው ሲነበብ ቤቱን ለእህቴ ሰጥታለች። ስለ እኔ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ የለም። ስሜ የለም።

ቤቱን ፈልጌ አልነበረም። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ለራሴም ቢሆን። በምወደውና በማውቀው ቋንቋ ተናገርኩ፤ ከሰስኩ። እናታችን ኑዛዜውን ስትሰጥ አእምሮዋ የተሟላ አልነበረም፣ ይሰረዝልኝ የሚል አቤቱታ በጠበቃ አስገባሁ። እህቴም ጠበቃ አቆመች። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ኦሮራ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለን ሁለት እህትማማቾች አዲስ አበባ ላይ እንሟገታለን። ወሬዋን የምሰማው ከጠበቃዬ ነው። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ፓርክ ሳደርግ እሷ ከእኔ ሁለት መኪና አልፋ ዕቃ እየጫነች ነበር። ሁለታችንም ተያየን። እሷ የኋላውን በር ዘጋች፤ እኔ ስልኬን የማይ መሰልኩ። መኪናዋ እስክትወጣ ድረስ ከመኪናዬ አልወረድኩም።

ለሽማግሌው ይህን አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ትልቁን መዝገብ ከፈትን። ነጋዴው ወንድሙን የከሰሰበት ነው። አባታቸው ሲሞት ቤቱን ለታናሹ ወንድም ተናዝዞለታል። ነጋዴው ደግሞ አባቴ ታሞ ስለነበር የሚያደርገውን አያውቅም፣ ወንድሜ ነው እጁን ይዞ ያስፈረመው ብሎ ከሰሰ።

ይህን ሳነብ ድምፄ ትንሽ ተቀየረ መሰለኝ። ሽማግሌው፣ "ውሃ ጠጪ" አሉኝ። ጠጣሁና ቀጠልኩ።

የከሳሽ ምስክሮች ተራ ሲደርስ የቤት ሠራተኛዋ መጣች። ነጋዴው ራሱ ነው የጠራት፤ ጌታዋ ነውና ለእሱ ትመሰክራለች ብሎ። ቃሏ አጭር ነው። ያ ክረምት ጌታዬ ስፔን ነበር አለች። ሽማግሌው አባት ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው ታናሹ ልጅ በየቀኑ ተሸክሞ መርከቦቹን እንዲያዩ መስኮት አጠገብ ያስቀምጣቸው ነበር አለች። ስትጠየቅም፣ አባትየው ሰው ይለያሉ፣ የእያንዳንዱን መርከብ ስም ይናገሩ ነበር አለች። ሌላ የማውቀው የለም አለች። ከሥሩ ቁልፍ የሚመስለው ምልክት አለ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

"ቀጥይ" አሉ ሽማግሌው። "እዚህ ላይ ጉቦ ሳትበላ አትቀርም የሚል ማስታወሻ አለኝ። ወንድምየው ገዝቷታል።"

"አልገዛትም" አልኳቸው።

"በምን አወቅሽ?"

"ከዚህ በኋላም ነጋዴው ቤት ነው የኖረችው። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ዋሽታበት ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ያባርራት ነበር። ያላባረራት እውነት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።" ከዚያ ድምፄ ከፍ አለ። "አባትየው ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ? ይህን ጠይቀው ያውቃሉ? ይሄ ሰው ስፔን ነበር። ወይን ጠጅ እያስጫነ ነበር።"

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በቀስታ፣ "አልጠየቅኩም" አሉ። "ከዚህ ክስ በኋላ ወንድማማቾቹ በአንድ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ኖረዋል። በሃያ ዓመት ወረቀት ውስጥ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ የተገኙበት ቦታ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ለመጽሐፉ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።"

የዚያን ቀን ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም። እሳቸውም አላስገደዱኝም። የቀረውን ሰዓት የልብስ ማጠቢያውን አስነሳሁ፤ ካልሲያቸውን አጣጠፍኩ። ልወጣ ስል በር ላይ ቆመው፣ "የማን ጉዳይ ነው?" አሉኝ።

"የእኔ" አልኳቸው። "ከሳሿ እኔ ነኝ።"

በሳምንቱ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አዲስ አበባ ሳይመሽ ጠበቃዬ ጋ ደወልኩ። ክሱን አንሳልኝ አልኩት።

"እትዬ፣ እያሸነፍን እኮ ነው" አለኝ።

"ማሸነፍ አልፈልግም።"

"እንግዲያው ሦስት ዓመት ለምን ለፋን?"

ወረቀቱን ላክልኝና ልፈርም አልኩት። ላከልኝ፣ ፈረምኩ።

እህቴ ትደውላለች ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ወር አለፈ። አልደወለችም። ስልኬ ሲጮህ ኤጀንሲው ነው፣ ወይም ማስታወቂያ ነው። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከክሱ ይከብዳል። በክሱ ጊዜ ቢያንስ ቀጠሮ ነበረን፤ እሷ የጻፈችውን አነባለሁ፣ እኔ የጻፍኩትን ታነባለች። አሁን ያም የለም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ አፓርታማ ነዳሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ቆማ በቀዳዳው እንዳየችኝ አውቃለሁ፤ የእግሯ ጥላ በበሩ ሥር ይታያል።

ከፈተች። "ግቢ" አላለችኝም።

"ክሱን ስላነሳሽ እንዳመሰግንሽ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ከዚያ እሄዳለሁ።"

እጇን አጣምራ ቆመች። ጠጉሯ ፊት ለፊቱ ሸብቷል፤ አላውቅም ነበር።

"እማዬ… ስሜን አንስታ ነበር?"

እህቴ መጀመሪያ ወለሉን አየች። ከዚያ በሩን ለቃ ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። ባሏ ሥራ ላይ ነው፤ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"በመጨረሻው ሰሞን እኔን በአንቺ ስም ነበር የምትጠራኝ" አለች። "እኔ ነኝ ብላት አትሰማም። 'ከአሜሪካ መጣሽልኝ?' ትለኛለች። ሳጥባት ትመርቀኛለች፤ በአንቺ ስም። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ አጠብኳት፣ ምርቃቱ የአንቺ ሆነ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርሽ ነበር! ስመለስ ልነግርሽ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ የክስ ወረቀት መጣልኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ? አእምሮዋ አልነበረም ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ብነግርሽ ለዳኛው ማስረጃ ታደርጊዋለሽ።"

እውነቷን ነው። አደርገው ነበር። አልቅሼ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን እንባ አልመጣም። "ኑዛዜውን ስትሰጥስ?" አልኳት።

"ያኔ ደህና ነበረች። 'ትልቋ ራሷን ትችላለች' ነው ያለችው። እሷ ምንም አትፈልግም አለች። አንቺ እኮ ምንም እንደማትፈልጊ ነው ሁልጊዜ የምትናገሪው።"

ሻይ አፈላች። ጠጣን። ያወራነው ጥቂት ነው፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ቤት ኪራይ መጨመር፣ አፓርታማው እየተሸጠ ነው ስለሚባል ወሬ። ስወጣ ከድሮ ጀምሮ እንደምትጠራኝ "እቴቴ" አላለችኝም። "ቀስ ብለሽ ንጂ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ እንገናኝ ጀመር። በተገናኘን ቁጥር ከመሐላችን አንድ የማንነካው ነገር ይቀመጣል፤ ዞር ብለን እናልፈዋለን። ይቅርታ ብያታለሁ። "እሺ" ብላኛለች። ሰው ይቅርታ ሲባባል በቃ ያልቃል ብዬ አስብ ነበር። አላለቀም፤ ግን ስልኳን ታነሳለች።

በፓርክ ሂሉ ቤት ንባቡ ቀጥሏል። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ከሥሩ መቀየር ጀመሩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በላፕቶፑ በሁለት ጣት እጽፋለሁ። "ብቻውን የታገለ" የሚለውን አስወጡ። ያስገቡት፣ "ብቻውን የቀረ" የሚል ነው።

የመጨረሻው መዝገብ የነጋዴው አይደለም። እሱ ሞቷል። ከሳሿ ሠራተኛዋ ናት፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ስትመሰክር ኖራ ያኔ የመጀመሪያ ክሷን አቀረበች። ጌታዬ በሕይወት እያለ፣ በቤቱ ላይኛው ፎቅ ያለችውን ትንሽ ክፍል እስክሞት እንድኖርባት ሰጥቶኛል፣ በወረቀት ግን አላሰፈረውም ትላለች። ቤቱን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ውጪልኝ ብሏታል። ለእሷ የመሰከረላት አንድ ሰው ነው፤ ያ የድሮው ወንድም፣ በእውነተኛ ቃሏ የረታው፣ አሁን ራሱ የሸመገለው። ልጁን ተቃውሞ ወንድሜ ክፍሏን እንደሰጣት ሰምቻለሁ አለ።

"ፍርዱስ?" አልኳቸው ገጹን ገልብጬ። ኋላው ባዶ ነበር።

"የለም። የፍርዱ ቅጠል ጠፍቷል። ባለቤቴ ሁለት ክረምት ፈልጋዋለች።"

"እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

"አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።"

"እኔ ግን ክፍሏ ውስጥ የኖረች ይመስለኛል።"

"ይምሰልሽ" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ይሄ ግን መጽሐፉ ውስጥ አይገባም።"

አልገባም። መጽሐፉም አላለቀም። በሦስተኛው ዓመት መኸር ላይ፣ እኔ ባልነበርኩበት ቀን፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል በቀጥታ ኦሮራ ውስጥ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ተወሰዱ። ልጃቸው መጣ፤ ትሑት፣ ድካም የተጫነው ሰው ነው። ሳጥኖቹን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ቤቱን ሸጠው። ከአባቱ ዕቃ አንድ ነገር እንድወስድ ጠየቀኝ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ወሰድኩ፣ የእኔው ያፈስ ስለነበር።

ኤጀንሲው ሌላ ደንበኛ ሰጠኝ። ሽማግሌውን ለመጠየቅ የምሄደው አሁን እንደ እንግዳ ተመዝግቤ ነው። የማነብላቸው ነገር ስላልነበረ የዕለቱን ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ነክ ዜና ካገኘሁ፣ "ከሳሹ ማነው?" ይሉኛል። እየቆየ ያም ቀረ። የፈረንጆች ገና ካለፈ በኋላ፣ በአንድ በጣም በሚበርድ ሳምንት፣ ሞቱ። ልጃቸው ደውሎ ነገረኝ። ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ ከእኔ በቀር ነጋዴውን የሚያውቅ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ስለ እሳቸው እንዲናገር ሲጠየቅ እጄን ላነሳ አሰብኩ፤ አላነሳሁም። ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም።

በሚቀጥለው በጋ የእህቴ አፓርታማ እውነትም ተሸጠና ኪራዩ ናረ። ባሏ ቴክሳስ ሥራ አገኘ። የሄዱ ቀን ጠዋት ዕቃ ልጭን ሄድኩ። ፍራሹን እኔና እሷ ሦስት ፎቅ ደረጃ አወረድነው፤ በየመዞሪያው እየቆምን እንሥቃለን፣ እንተነፍሳለን። የጭነት መኪናው ሲሞላ ቁልፉን ቢሮ ውስጥ መለሰች።

"ለገና ትመጫለሽ" አለችኝ።

"ሥራ ካልያዘኝ።"

"ሥራ አይያዝሽ" አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።

ቻምበርስ ሮድ ላይ ወጥተው ወደ ደቡብ ታጠፉ። የእኔ ሺፍት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ ዳር ፓርክ አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ።